ሁለቱ እቤት፣ አንዱ እጎረቤት

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። ይህን የሚሉት ተሟግተው የማያውቁ ሰዎች መሆን አለባቸው፤ ወይም ደግሞ ሁልጊዜ የሚረቱ። ዮርዳኖስ ግን የዚህን ወርቅ ዋጋ ታውቀዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ሐኪሞች ከጉሮሮዋ እባጭ ሲያወጡላት ድምፅዋም አብሮ ሄዷል። አሁን ከአፏ የሚወጣው ትንፋሽ ነው፤ ጆሮውን አስጠግቶ የሚያዳምጣት ካልተገኘ በቀር ቃል አይሆንም። ጆሮውን የሚያስጠጋ ሰው ደግሞ በቡታጅራም ሆነ በሌላ አገር ብዙ አይደለም።

ያን ጊዜ አስተማሪ ነበረች፤ ያውም ድምፅዋ ከጥቁር ሰሌዳው ተነሥቶ የትምህርት ቤቱን አጥር የሚሻገር። ከሕክምናው በኋላ ፈተና እንድትተይብ ወደ ጽሕፈት ክፍል አዛወሯት። ከክፍል ይዛው የወጣችው አንድ ልማድ ማጨብጨብ ነው። አንዴ ካጨበጨበች "አዎ፣ ጎሽ" ማለት ነው፤ ሁለቴ ካጨበጨበች "አይሆንም"። ባሏ ፈቃደና ልጇ ቤተልሔም ይህን ቋንቋ አሳምረው ያውቁታል። ፈቃደ ሁለቴውን አዘውትሮ ስለሚሰማ ከልጁ ይበልጥ ያውቀዋል።

ፈቃደ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሞ መናገር ደግ ነው፣ ኋላ ሰው ይፈርድበታልና። በርና መስኮት የሚበይድ፣ እጁ የተባረከ ባለሙያ ነው። ሕመሙ ይሉኝታ ነው። ብረትን እንደ ፈለገው የሚያጥፍ ሰው "እንቢ" የምትለዋን ትንሽ ቃል ከአፉ ማውጣት አቅቶት ይኖራል፤ በተለይ ለታላቅ ወንድሙ ለወልዴ። ወልዴ አዲስ አበባ ነጋዴ ነው። ወደ ቡታጅራ በመጣ ቁጥር ዓይኑ አንድ ዕቃ ላይ ያርፋል፤ ዓይኑ ያረፈበት ዕቃ ደግሞ አብሮት ይሳፈራል። የቤቱ ጄኔሬተር እንዲህ ሄደ። ብስክሌቱም፣ የዮርዳኖስ የስፌት መኪናም።

ሐኪሞቹ ቁርጡን በነገሯት ጊዜ ዮርዳኖስ አላለቀሰችም፤ ቸኮለች እንጂ። መኝታ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ማይክሮፎን ሰካች፣ በሩን ዘጋችና መናገር ጀመረች። ቤተልሔም እየሰማችው ያደገችውን የጅብና የእንሰት ተረት ተረከች። ለሰንበት ልጆች ታስተምራቸው የነበሩትን መዝሙሮች ዘመረች። በመጨረሻም፣ አዲስ አበባ ልትሄድ ጥቂት ሲቀራት፣ ምርቃቱን ቀዳች። እናት ልጇን በሠርጓ ቀን ቆማ የምትመርቀውን ምርቃት፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በራሷ እናት ቋንቋ በክስታኔ። ቤተልሔም ያን ጊዜ እጮኛም አልነበራት። "የሚመጣው ይምጣ፣ ልጄ ያለ እናት ምርቃት ከቤቴ አትወጣም" አለች።

ከዚያ ወዲህ ፋይሎቹን ማንም አልከፈታቸውም። ራሷ ልትሰማቸው አልደፈረችም፤ ለቤተልሔምም "ለሠርግሽ ቀን" ብላ ጽፋ ነግራታለች። ሠርጉ እንግዲህ ለጥር ተቆርጧል። ሙሽራው ያሬድ ጉብሬ ላይ ኮምፒውተር የሚያስተምር የወልቂጤ ልጅ ነው። ምርቃቱን በትልቅ ድምፅ ማጉያ፣ በአዳራሹ ሙሉ ሰው ፊት እንደሚያሰማ ቃል ገብቶላታል።

ይህን የመሰለ ነገር አንድ ማሽን ላይ ጥሎ መተኛት ሞኝነት እንደሆነ ዮርዳኖስ ታውቃለች። ስብሰባው ሁሉ ቢፒአር፣ የአሠራር ለውጥ፣ በነበረበት በዚያ ዘመን ለአስተማሪዎች የኮምፒውተር ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። ብዙው ሰው የሄደው ለአበሉ ነው። አሠልጣኙ ግን አንድ ቁም ነገር ተናገረ፦ "ፋይል አንድ ቦታ ብቻ ካለ የለም በሉት። ሁለቱ እቤት፣ አንዱ እጎረቤት!" ሌላው ስቆ ሻዩን ጠጣ፤ እሷ ግን በልቧ ያዘችው። ስለዚህ ድምፅዋ አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለተኛ፣ በተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ተገልብጦ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ገባ። ሦስተኛውን ሲዲ ላይ ገልብጣ ለልጅነት ጓደኛዋ ለሀሊሜ ሰጠቻት። ሀሊሜ መስቃን ገጠር ነው የምትኖረው፤ ሲዲውን የወሰደችው ለገበያ ቡታጅራ በመጣች ዕለት ነው። የእኔ ቤት ቢቃጠል የሀሊሜ ቤት አብሮ አይቃጠልም ብላ ነው ዮርዳኖስ እንዲህ ያደረገችው። ዘመድ አዝማዱ ሳቀ። "ድምፅዋን እንደ በርበሬ ዘር ታስቀምጠው ጀመረች" አሉ። እሰይ፣ ይሳቁ።

የ2004 መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው መብራት ሄዶ ተመለሰ። ሲመለስ በጉልበት ተመለሰ። አምፖሉ ቦግ አለና ተቃጠለ፤ ኮምፒውተሩ ጠጠር እንደ ገባበት ወፍጮ ተንኳኩቶ ዝም አለ። የከተማው ጠጋኝ ከፍቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። "ዲስኩ አልቆለታል፤ ከዚህ ውስጥ ምንም አይወጣም" አለ። ፈቃደ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ዮርዳኖስ ግን ፈገግ አለች። እሷ ለዚህች ቀን ተዘጋጅታለች። እቤት እንደ ተመለሱ እየተዝናናች ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዳ ነጠላውን አወጣች።

ነጠላው ባዶ ነበር።

ዞር ስትል ፈቃደ በሩ ላይ ቆሞ ጣቶቹን ያሻሻል። "ጋሼ ወልዴ…" አለ። ሌላ ማለት አላስፈለገውም።

ነገሩ የሆነው ሐምሌ ላይ ነው። ወልዴ ለለቅሶ መጥቶ አደረ። እሷ ገበያ በወጣችበት ብርድ ልብስ ፍለጋ ቁም ሳጥኑን ከፈተና ዲስኩን አገኘ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የዮርዲ ድምፅ ግልባጭ ነው።"

"ዋናውስ?"

"ዋናው ኮምፒውተሩ ላይ አለ።"

"ታዲያ ይሄ ሥራ ፈት ነዋ! እኔ ፊልም የምይዝበት አጥቼ እናንተ በነጠላ ጠቅልላችሁ ታስተኙታላችሁ? ሁለት ያለው ለሌለው ያካፍል ተብለን አልተማርንም?"

ፈቃደም አካፈለ።

እስቲ አሁን ማን ይሙት፣ ያ ቃል ለዚህ ነበር የተባለው? የሚበርደው ሰው ላይ ልብስ እንዲጣል እንጂ ወልዴ ፊልም እንዲያይ ማን ተናገረ? የመጠባበቂያ ነገር ሥራው መቀመጥ ነው። ተቀምጦ ነው የሚሠራው! ለከርሞ ያኖሩትን ዘር "ሥራ ፈት ነው" ብሎ ቆልቶ የሚበላ ገበሬ በመስቃን ቢገኝ ልጅ አዋቂው መሳቂያ ያደርገው ነበር። የኮምፒውተር ሲሆን ግን የቆላው ቸር ይባላል፤ ያስቀመጠችው ቆንቋና። ዮርዳኖስ ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ሁለቴ አጨበጨበች፤ ደግማ ሁለቴ አጨበጨበች። ፈቃደ አንገቱን ደፋ።

ቤተልሔም ደወለች። "አለ፣ አለ!" አለ ወልዴ በስልክ፤ "ለመስቀል ይዤው እመጣለሁ። ምን ያንጨረጭራችኋል?" አለ ማለቱ ዮርዳኖስን ትንሽ አረጋጋት። ላም አለኝ በሰማይ እንደሆነ በምን ታውቃለች።

ጉራጌ የትም ይኑር የት በመስቀል አገሩ ይገባል። እነ ፈቃደ ፕሮቴስታንት ናቸውና ደመራው ባይመለከታቸውም መሰብሰቡና ክትፎው ማንንም አይለይም። ወልዴም ከነቤተሰቡ ገባ። ምርጡን ሥጋ ይዞ መጥቷል፣ ይህን አንክድም። ሳሎኑ በቆጮው፣ በአይቤው፣ በጎመኑና በዘመድ ሲሞላ ላፕቶፑን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ፤ ድምፅ ማጉያ ሰካበት።

"ዛሬ አዲስ የሕንድ ፊልም አሳያችኋለሁ!" አለ።

በጥቁር ገመድ ከላፕቶፑ ጎን የተንጠለጠለው የዮርዳኖስ ዲስክ ነበር። ጥግ ላይ በእጇ የለጠፈችው ነጭ ፕላስተር እንኳ አልተነሣም። ከእሱ ውስጥ ከበሮ እየተመታ አንዲት ባለ ቀይ ቀሚስ ሴት ተራራ ለተራራ ትሮጣለች። ዮርዳኖስ ቤተልሔምን በዓይኗ ጠራቻት። ቤተልሔም ፊልሙን አቁማ ዲስኩን ከፈተችው፤ ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች። ፊልም ነው። ፊልም በፊልም ላይ። ሌላ ምንም የለም።

"ጋሼ፣ የእማዬን ፋይሎች የት ገለበጥካቸው?"

"የምን መገልበጥ?" አለ ወልዴ ክትፎውን እየጠቀለለ። "ቦታ ይዞ አስቸገረ፤ ልጆቹ ፎርማት አድርገው አጸዱት። ያው ኮምፒውተሩ ላይ አለ አይደል?"

"ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል" አለች ቤተልሔም።

ቤተልሔም ለያሬድ ደወለች፤ ያሬድም በሐዘን እውነቱን ነገራት። ተሰርዞ ብቻ ቢሆን ይሞከር ነበር፤ ላዩ ላይ እስከ አፉ ፊልም ከተሞላበት ግን የታችኛው አይመለስም። ወልዴ ይህን ሰምቶ ጥቂት አሰበ። ማሰቡስ ጥሩ ነበር፣ ምነው ባልተናገረ።

"በሉ እንግዲህ የፈጣሪ ፈቃድ ነው" አለ። "ችግሩ ምርቃት ከሆነ እኔ አለሁ አይደል? የአባቷ ታላቅ ነኝ። አሳምሬ እመርቃታለሁ፤ ለቅጂ ተብሎ በዓል አይበላሽም።" ይህን ብሎም እጁን ወደ ቆጮው መለሰ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል የተባለው ለካ እንዲህ ያለውን ቀን አይተው ነው።

ዮርዳኖስ ተነሣች። ሦስት ዓመት የተጠራቀመው ሁሉ ከሆዷ ተነሥቶ ወደ ጉሮሮዋ መጣ። አፏን ከፈተች። ድምፄ፣ ልጄን የምመርቅበት ድምፄ፣ ሳልሞት የቀበርከኝ አንተ ማነህ፣ ልትለው ነው። የወጣው ትንፋሽ ነው። ትንፋሽ ብቻ። አንዲት አክስት ምግብ ያነቃት መስሏት ፈጥና ውሃ አቀበለቻት። ብርጭቆውን ገፋችውና አጨበጨበች። ሁለቴ፣ ሁለቴ፣ እንደገና ሁለቴ፤ አይሆንም፣ አይሆንም፣ አይሆንም! የወልዴ ትንንሽ የልጅ ልጆች ጨዋታ መስሏቸው እየሳቁ አብረዋት አጨበጨቡ።

ያን ጊዜ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። በመስቀል፣ እንግዳ ገበታ ላይ ትቶ መውጣት! ዘመድ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ያውራ።

ከከተማው ዳር ጋሪ ይዛ መስቃን ስትደርስ ሀሊሜ በደጇ በርበሬ እያሰጣች ነበር። "አሰላሙ አለይኩም! እንዴ ዮርዲዬ፣ በመስቀልሽ ምን እግር ጣለሽ?" አለች። ዮርዳኖስ ልትናገር ስትታገል ሀሊሜ ሰፌዱን ጥላ ጆሮዋን ወደ ጓደኛዋ አፍ አስጠጋች። ሲዲው፣ አለች ዮርዳኖስ በትንፋሽ። ያ ሲዲ አለ?

ሀሊሜ ጥያቄው ራሱ ገረማት። ገባችና የልብስ ሳጥኗን ከፈተች። ከታች፣ ከሠርግ ልብሷ ሥር፣ ዮርዳኖስ ያኔ የሰጠቻት ፖስታ አለ፤ የተጣበቀበት እንኳ አልተነካም። ባሏ ከማሉ በር ላይ ቆሞ ይስቃል።

"እሷን ነው እንዴ የምትፈልጊው? በቆሎውን ወፍ ሲጨርስብኝ እንደ ሰው ማሳ ላይ ልስቀላት፣ ታብለጭልጭ ብላት ቤቱን አመሰችብኝ" አለ።

"አማና ነዋ!" አለች ሀሊሜ ቆጣ ብላ። "የሰው አደራ ለወፍ ይሰቀላል? እኔ ውስጡ ምን እንዳለም አላውቅ፤ ማጫወቻም የለኝ። አምጪ እስክትለኝ ማስቀመጥ ነው የኔ ሥራ።"

ዮርዳኖስ ያን ቀን ያለቀሰችው እዚያ ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ ስንት ዘመድ እያላት ይህን የምታውቀው አንዲት ሀሊሜ ሆነች። ስታለቅስ ሀሊሜ ብቻዋን አልተወቻትም፤ ነጠላዋን አጣፍታ አብራት ጋሪ ላይ ወጣች።

ሲመለሱ ገና አልመሸም፤ ባለ ቀይ ቀሚሷ ሴትም ሩጫዋን አልጨረሰችም። ዮርዳኖስ በእንግዳው መሐል አልፋ ፖስታውን ለቤተልሔም ሰጠቻት። ቤተልሔም የዲስኩን ገመድ መንጭቃ አወጣች፣ ሲዲውን ከተተች፣ ድምፁን ከፍ አደረገች።

"አንድ ሞኝ ጅብ ነበረ…" አለች ዮርዳኖስ ከድምፅ ማጉያው ውስጥ።

ቤተልሔም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፈቃደ ግድግዳውን ተደገፈ። ያ ድምፅ ነው! አጥር የሚሻገረው፣ መሐሉ ላይ ሳቅ የሚያመልጠው። ተረቱ አለቀና መዝሙሮቹ መጡ፤ አንዱ ሌላውን ተከተለ። ዮርዳኖስ ቆማ የምትጠብቀው ምርቃቱን ነው። መዝሙሮቹ ግን አለቁ። ስም ያልወጣለት አንድ ፋይል ብቻ ቀረ።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ሀሊሜ ለገበያ መጥታ ሲዲውን ስትወስድ ምርቃቱ ገና አልተቀዳም ነበር። ሌላ ገልብጣ ልትልክ አስባ ነበር፤ የሆስፒታሉ ቀጠሮ ቀደመ፣ ከዚያ ሕመሙ፣ ከዚያ ማገገሙ። ሁለት ቦታ አለ ብላ ዘነጋችው። ሁለት ቦታ ነበረ እኮ፣ ወልዴ ባያካፍል! ምርቃቱ ሄዷል። ማንም ምንም ቢል አይመለስም። ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ቤተልሔም ይህን አላወቀችም፤ የመጨረሻውን ፋይል ከፈተች። ወንበር ተጎተተ፣ በር ተከፈተ፤ የፈቃደ ድምፅ መጣ።

"ዮርዲ፣ ጋሼ ወልዴ ደውሎ ነበር። የስፌት መኪናሽን ለሚስቱ ቢወስድላት ምን ይመስልሻል?"

"እንቢ በለው!" አለች ዮርዳኖስ ከድምፅ ማጉያው፤ መስኮቱ ነዘረ። "አንተ ሰውዬ፣ እንቢ ማለት ምላስ ይቆርጣል እንዴ? ጄኔሬተሩን ወሰደ፣ ዝም አልን። ብስክሌቱን ወሰደ፣ ዝም አልን። ታላቅህ ነው፣ አከብረዋለሁ፣ እግሩን አጥባለሁ። ግን ሰው አንዳንዴ እንቢ ይባላል! እስከ ዛሬ ባንተ ፈንታ እንቢ የምለው እኔ ነኝ፤ ክፉ ሴት ተባልኩ፣ ይሁን። ድምፄ ሲሄድ ግን በዚህ ቤት ማነው እንቢ የሚል? ንገረኛ ፈቃደ! ማነው?"

ከዚያ የፈቃደ ዝምታ ነው የተቀዳው፤ ረጅም ዝምታ። መጨረሻ ላይ "ውይ፣ ይሄ ነገር እየቀዳ ነው እንዴ?" አለችና ተቋረጠ።

የሚጎርስ ሰው አልነበረም። ወልዴ ፊቱ ቀልቶ ጥቅልሉን ወደ ሳህኑ መለሰ። ሚስቱ ምንጣፉን ታያለች። ቤተልሔም ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ሁለቱን መለየት አልተቻለም። "እማዬ" ትላለች፤ "እማዬ፣ ይቺ ናት እኮ!"

"በቃ፣ ሰምተናል" አለ ወልዴ በመጨረሻ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። "አጥፉትና ፊልሙን መልሱት። ፈቃደ፣ ዲስኩን ወዲህ በል።"

ሁሉም ወደ ፈቃደ ዞረ። ፈቃደ ግድግዳውን ለቆ መጣና ዲስኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። እንደ ልማዱ ሊያቀብል መስሏት ዮርዳኖስ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ግን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዘው።

"እንቢ፣ ጋሼ" አለ።

ቀጭን ድምፅ ናት፣ አጠገቡ የቆመ ሰው ብቻ ነው አጥርቶ የሰማት። ቢሆንም ተባለች። ቤተልሔም እንባዋን ጠርጋ የመጨረሻውን ፋይል ከመጀመሪያው አስነሣችው። ወንበሩ ተጎተተ፣ በሩ ተከፈተ። ዮርዳኖስ ዓይኗን ገልጣ ባሏን አየችውና አንድ ጊዜ አጨበጨበች።